ሌላው ባሕር ዛፍ

በአንገረብ ግድብ ሥር፣ ከችግኝ ጣቢያው ውስጥ፣
ሥራዬ ዘር መቁጠር፣ አፈር መገለባበጥ።
አምስት ቀን ባሕር ዳር ሥልጠና ገብቼ፣
«ዘር ሁሉ ይደርቃል» የሚል ቃል ሰምቼ፣
በጥላ አድርቄ፣ በቆርቆሮ ከትቼ፣
ስሙን፣ ቀኑን ጽፌ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣
ሁለት መቶ ዶቅማ በሰኔ ዘራሁኝ፤
ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ፣ ሳጠጣ ከረምሁኝ።
አንድም አልወጣ።
አፈሩ ዝም አለኝ፣ እንዳኮረፈ ባላንጣ።

የጣቢያው ዘበኛ፣ ቢያድግልኝ ጓንጉል፣
ከጎርጎራ ወዲያ፣ ከውሃው መሐል፣
አንዲት ጧፍ ሳታልቅ ዙረው የሚጨርሷት
ደሴት ነው ያደገ፣ ካርታ ያልጻፋት።
ሦስት ቀብራ ነበር፤ እሱን ስትወልድ ፈርታ፣
«ቢያድግልኝ» አለችው እናቱ፣
ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ትታ።

ቆርቆሮዬን ከፍቶ፣ ዘሬን ነቅነቅ አርጎ ሳቀ፦
«ይኼማ አፈር ሳይገባ ነው፣ በደረቀ ለት ያለቀ።
የውሃ ልጅ እኮ ነው! ከፍሬው ከወጣ፣
ሳምንት አይቆይልሽም እርጥበት ካጣ።
ጤፍ መሰለሽ እንዴ፣ ጎተራ የሚያድር?
ዶቅማ ከእጅ ወደ አፍ ነው፣
ከአፍ ወደ ምድር።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ከሥራ ስወጣ፣
ካፖርቱን ደርቦ ወሬውን ያመጣ፦
ግንቦት ፍሬው ሲደርስ፣ ምላስ ሲያጠቁር፣
«አልበላሁም» ብሎ ልጅ መዋሸት ሲቸገር፤
ቅርፊቱ ተቀቅሎ ሆዱን ለታመመ፣
ግንዱ ለቤት ምሰሶ፣ ምስጥ ያላገመ፤
«አበባውን ቀስማ ንብ ሐይቅ ስትሻገር፣
ከብዷት ትወድቃለች፣ ዓሣው ማር ማር ይላል!»
እያለ ይምል ነበር።

ሲብት ግንቦት መጣ። ፈቃድ ጠየቀ ሁለት ቀን፤
«ምክንያት» በሚለው ላይ «ዶቅማ» ብሎ ሞላልን።
ሄደ በደንገል ታንኳ፣ መጣ በአውቶቡስ፣
ፍሬውን በእርጥብ ቄጤማ ጠቅልሎ እስኪደርስ።
በየፌርማታው ወርዶ ውሃ ሲያርከፈክፍ፣
«ምን ታጥባለህ አንተ?» ብሎ ረዳቱ ቢዘልፍ፣
«ልጅ ነው» አለ አሉ።

ማታ ሦስት ሰዓት። መብራት የለም ነበር።
በስልኬ ብርሃን፣ ተንበርክከን ከአፈር፣
ፍሬውን እየበላን፣ ዘሩን ቀበርነው፤
ከንፈራችን ጠቁሮ፣ ሌባ መስለን ነበር ላየን ሰው።
«ጥፍርሽን ያህል ብቻ፣ አታስጥሚው» አለኝ፤
ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ፍግ አስቀላቀለኝ፤
ሣር ጎዘጎዘበት። ሄዶ በሩ ላይ ተኛ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከዝናቡ ማግስት፣
ብቅ አለ።
አዲስ ቅጠሉ ቀይ ነው፤ ማንም አልነገረኝ።
ከደብተሬ ውስጥም ይህ ቃል አልነበረኝ።

ሐምሌ ላይ ገበሬው ከጠዳ፣ ከአዘዞ፣
መጣ ጋሪ ይዞ።
«ባሕር ዛፍ አለ ወይ?» ይላሉ ሲገቡ፤
ቢያድግልኝ ወዲያ ይመራል፣ ወደ ዶቅማው መደቡ፦
«የባሕር ዛፍማ ይህ ነው! ያኛው ስሙን ሰርቆ፣
ባሕርን መች አየ፣ ምንጫችንን አድርቆ?»
ይስቃሉ። ባሕር ዛፋቸውን ጭነው ይሄዳሉ።
አንዲት ሴት ብቻ፣ ከቀሃ ማዶ ነኝ ያለች፣
አንድ ችግኝ መርጣ በነጠላዋ አቀፈች።
«ለጥላ ነው?» ስላት፣
«ልጆቼ ምላሳቸውን እንዲያወጡልኝ ነው» አለች።

የነሐሴን ሪፖርት ሳዘጋጅ መሸብኝ፤
«የተዘራ»፣ «የበቀለ»፣ ቁጥሩ ተምታታብኝ።
«ዝርያ» ከሚለው ላይ እጄ ስቶ መሰለኝ፣
ጻፍሁት «ቢያድግልኝ»።

ከቢሮ ደወሉ፦ «ይህ ደግሞ ምን ዛፍ ነው?
ከዝርዝሩ የለም፣ ለምን ይጠቅማል? የት ነው የሚበቅለው?»
በመስኮት አየሁት፤ ካፖርቱን አውልቆ
ውሃ ያጠጣል፣ ከመደቡ ርቆ ቆሞ፣ ተጠንቅቆ።
«ሃሎ? ትሰሚያለሽ? በሳይንስ ስሙ ማነው?»
ቆይ፣ አልኳቸው፣
ቆይ፤ ገና ነው።